በጉ ለእማዬ ወጣላት

መርሳ፣ ሐብሩ
መስከረም 3 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለዙልፋ፣ ኩዌት

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ እንደምን ከረምሽ? በሰው አገር፣ በዚያ በእሳት ፀሐይ ጤናሽ እንዴት ነው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። ዘንድሮ ደኅና ማለት ምን ማለት እንደሆነ አትጠይቂኝ እንጂ ቆመን እንሄዳለን፤ የሚበላም ለጊዜው አልጠፋም።

ስልክ ከተቋረጠ ወር አለፈው። መብራትም አብሮ ሄዷል። ጦርነቱ ወልድያንም መርሳንም አልፎ ግንባሩ ውርጌሳ ላይ ነው ይላሉ፤ ከባድ መሣሪያ ሲተኮስ የቤታችን ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል። ወፍጮዬ ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ወፍጮ ስጠግን የኖርኩ ሰውዬ አሁን ሴቶቹ በድንጋይ ሲፈጩ እያየሁ እግሬን ዘርግቼ እቀመጣለሁ። ባለፈው አንዷ «አብዱልሐሊም፣ ከተቀመጥክስ ይቺን ድንጋይ ጠግንልኝ» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም ሳቅኩ፤ ምን ይደረጋል።

ይህን ወረቀት የያዘልሽ ሾፌሩ ኢዘዲን ነው። መኪናው ኮምቦልቻ ቀርታበት፣ ቤተሰቡን ለማየት በአምባሰል ተራራ በእግሩ ተሻግሮ መጥቶ ነበር። በመጣበት ይመለሳል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ኩዌት ለሚሄድ ሰው ይሰጥልኛል። መልስ ካለሽ በእሱ በኩል ላኪልኝ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። የቀበሌው የውሃ ሞተር መብራት ሲጠፋ ቆመ። ሰዉ ሁሉ ወንዝ ይወርዳል። የእናትሽ ቤት ዳገቱ ጫፍ ላይ መሆኑን ታውቂያለሽ፤ ጉልበቷ ደግሞ ከመስገጃዋ ለመነሣት እንኳ ግድግዳ የሚያስይዛት ሆኗል። ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት ጀሪካን በአህያዋ አወጣላታለሁ። ችግሩ እናትሽ ውሃ ለጠየቃት ሁሉ ትሰጣለች። ዛሬ ያወጣሁላትን ዛሬውኑ መንገደኛ ጠጥቶት አገኘዋለሁ። ብቆጣት «ውሃ መከልከል ሐራም ነው» ትለኛለች፤ እውነቷን ስለሆነ አህያዋን ይዤ ዳግም እወርዳለሁ።

ዐርብ ዐርብ በስልክ ከአሠሪሽ መጻሕፍት የድሮ መሣሪያ ፈልሳፊዎችን ታሪክ ታነቢልኝ ነበር። ያ የጀዚራው ሰውዬ፣ ደግሞም ያ በእንፋሎት ውሃ ያወጣው ፈረንጅ። እኔ እንደ ተረት ስሰማው ኖሬያለሁ፤ አሁን ቸገረኝ። ሽማግሌውን አሠሪሽን ጠይቂልኝ። እነዚያ ሰዎች መብራትም ነዳጅም ሳይኖር ውሃ ዳገት የሚያወጡት እንዴት ነበር? ገንዘብም ዕቃም አትላኪ፤ እዚህ አይደርስም። የምፈልገው እውቀቱን ነው።

እናትሽ አጠገቤ ናት፤ እንዳለችው ልጻፈው። «ዙልፋዬ፣ የረገጥሽው ይለምልም፣ የተናገርሽው ይሰማ። ጀሊሉ በሰው አገር ሰው ያድርግሽ። ሽማግሌውን እንደ አባትሽ ያዢው። አንቺ ደግሞ ፀጉርሽን አትቆረጪ፣ ኋላ ጉድ ትሆኛለሽ።»

አጎትሽ አብዱልሐሊም


ኩዌት
መስከረም 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ አብዱልሐሊም፣ መርሳ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አጎቴ ጤናዎ እንዴት ነው? እማዬስ? ጎረቤቱስ ሁሉ? እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ ወረቀቱን አሸተትኩት፤ ግራሶ ግራሶ ይላል። ሁለታችሁም በሕይወት መሆናችሁን ሳነብ ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ። ፀጉሬን አልቆረጥኩም፤ ይንገሯት።

ስለ ውሃው አሠሪዬን፣ ኡስታዙን ጠየቅኳቸው። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፤ ስሜን አንዳንዴ ይረሱታል። ስለ መሣሪያ ሲጠየቁ ግን ገና የሚያስተምሩ ነው የሚመስላቸው፤ ወረቀት አምጪ፣ እርሳስ አምጪ አሉኝ።

መጀመሪያ ያነሡት አል-ጀዘሪን ነው፤ ያንን ከስምንት መቶ ዓመት በፊት በጤግሮስ ወንዝ አገር የነበረውን። ውሃ ራሱ በሚያዞረው መዘውር ሁለት ዘንግ ግራና ቀኝ እየገፋ ውሃ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። «ግን አጎትሽ ብዙ የመዘውር ጥርስ መቅረጽ አለበት፤ ለችግር ቀን አይሆነውም» አሉ።

ቀጥለው የነገሩኝ ስለ አንድ እንግሊዛዊ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ዋይትኸርስት ይባላል። በቧንቧ የሚወርድ ውሃ በድንገት ሲዘጋበት ቧንቧውን በኃይል እንደሚመታ ሰውዬው አስተዋለ፤ በዚያው ምት ውሃውን ወደ ላይ ላከው። ነገር ግን መክፈቻውን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ሁልጊዜ አጠገቡ መቆም ነበረበት። ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ሞንጎልፊየ የሚባል ፈረንሳዊ ወረቀት ሠሪ መጣ። ይህ ሰው ከወንድሙ ጋር ፊኛ ሠርቶ በግ ወደ ሰማይ የሰደደ ነው፤ ለእማዬ ይንገሯት፣ ትስቃለች። እሱ ክዳኑ በራሱ እንዲከፈትና እንዲዘጋ አደረገው። ነዳጅ የለ፣ መብራት የለ፣ ጠባቂ የለ፤ ራሱን እየመታ ውሃ ያወጣል። ምቱ አውራ በግ ሲዋጋ ስለሚመስል ፈረንጆቹ አውራ በግ አሉት። ዐረቦቹም ከብሽ ይሉታል።

ሥዕሉን ነድፌ ነበር። የውርጌሳዋ ናጅዋ፣ እዚህ እንደ እህቴ የሆነችው፣ አይታ ደነገጠች። «ይህን ፍተሻ ላይ ያየ ቦምብ ነው ይላል፤ ኢዘዲንንም አጎትሽንም ታስገድያለሽ» አለችኝ። ቀደድኩት። ስለዚህ በቃል ነው የምነግርዎ፤ ስሙንም ከዛሬ ጀምሮ በጉ እንበለው፣ ማንም ቢያነበው ስለ በግ የተጻፈ ይመስለዋል።

ከወንዙ ከተጠለፈው ከአትክልቱ ቦይ ራስ ላይ ውሃውን በቧንቧ ቁልቁል ያውርዱት። መጨረሻው ላይ ሁለት ክዳን ይኖራል፤ አንዱ ውሃ ወደ ውጭ የሚያፈስ፣ ሌላው ወደ ላይ ብቻ የሚያሳልፍ። ከሁለተኛው በላይ አየር የታመቀበት ወፍራም የብረት ጠርሙስ ይቁም። ከጠርሙሱ ሥር የሚወጣው ቀጭን ላስቲክ ውሃውን ወደ እማዬ ደጅ ያወጣዋል። አንድ ነገር አደራ። ቁልቁል የሚወርደው ቧንቧ ብረት መሆን አለበት። ላስቲክ ከሆነ ይለጠጥና ምቱን ይበላዋል፤ በጉም አይነሣም። ኡስታዙ ሦስት ጊዜ ስለደገሙልኝ እኔም ሦስት ጊዜ እጽፍልዎታለሁ፤ ብረት፣ ብረት፣ ብረት።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። ወደ ወንዝ እንዳትወርድ አደራ።

የእህትዎ ልጅ ዙልፋ


መርሳ
ኅዳር 8 ቀን 2014 ዓ.ም.
(ይህ ደብዳቤ አልተላከም)

ዙልፋዬ፣

ሰላምታውን ብጀምረው መጨረስ ስለማልችል ትቼዋለሁ። እናትሽ ሞታለች። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን።

ይኸው ጻፍኩት። አሁን ደግሞ እንዴት እንደሆነ ልጻፍ።

ደብዳቤሽ ጥቅምት 17 ቀን ደረሰኝ። ወላሂ በማግስቱ ሥራ ጀመርኩ። የመርሳው በያጅ አለሙ፣ ያ ትውልዱ ጉባ ላፍቶ የሆነው፣ መብራት ባይኖርም የተረፈ የካርባይድ ጋዝ ነበረው። ለእናትሽ መሆኑን ስነግረው «ለእትዬ ቶይባ ከሆነ የመጨረሻዋ ጠብታ ትውጣ» ብሎ በነፃ በየደልኝ። ለጠርሙሱ የመኪና እሳት ማጥፊያ ተገኘ፤ ለክዳኖቹ የወፍጮ ጎማ ቆረጥኩ። የቀረን ቧንቧው ነው። የላስቲክ ቧንቧ መርሳ ላይ ሞልቷል። ጠቅልዬ በትከሻዬ ብይዘው በአንድ ሰዓት ቤቴ እገባ ነበር። ብረት ግን ጠፋ። ግንባሩ ከውርጌሳ ርቆ ነበር፤ እዚያ አንድ የፈረሰ መጋዘን ነበረ፤ ባለቤቱ ንቀልና ውሰድ አለኝ። ብረት በትከሻ አይመጣም። አህያዋን ይዤ ሄድኩ። መሄጃና መመለሻው ሁለት ቀን ፈጀ።

ለእናትሽ ሁለት ጀሪካን ሞልቼላት ነበር የሄድኩት። «በጉን ይዘህ ና እንጂ ለእኔ ይበቃኛል» አለችኝ። በዚያው ቀን ከቆቦ በኩል የተፈናቀሉ ሴቶች ከነልጆቻቸው በደጇ አለፉ። ሁለቱንም ጀሪካን አጠጣቻቸው። በማግስቱ ለዙህር ሶላት ታጥባ ውዱእ የምታደርግበት ጠብታ አልነበራትም። ውሃ ከታጣ በአፈር ተየሙም ብታደርግ ይበቃት ነበር፤ አላህ ፈቅዶላታል። እሷ ግን ለጎረቤት «የወንዙ ድምፅ እየተሰማኝ በአፈር አልሰግድም» ብላ ጀሪካኗን አንጠልጥላ ወረደች። ስትመለስ ዳገቱ ላይ ወደቀች። ዳሌዋ ተሰበረ።

እኔ ብረቱን ጭኜ ስደርስ አልጋ ላይ አገኘኋት። ወደ ወልድያ እንዳልወስዳት መንገዱ ዝግ ነው። መርሳ የነበረው አንድ ጤና ረዳት አይቷት አንገቱን ደፋ። በአራተኛው ቀን፣ ጥቅምት 29፣ ሸሀዳዋን ብላ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ሰደቃዋን አወጣን። የነበረኝን አንድ በግ አረድኩላት፤ ሰዉ ዱዓ አደረገላት።

እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ብረት» ብለሽ ሦስት ጊዜ ጻፍሽ። እውነትሽን ነው፣ መሣሪያው የሚፈልገው እሱን ነው። ነገር ግን አውቅሻለሁ። አህያዋ የት ሄደች ብለሽ ትጠይቂያለሽ፤ ብረት ልታመጣ ስልሽ እስክትሞቺ ራስሽን ስትረግሚ ትኖሪያለሽ። እህቴን ቀብሬያለሁ፤ ልጇን በዚህ ወረቀት ልገድላት አልፈልግም። መርዶስ ከመቼ ወዲህ ነው በወረቀት የሚነገረው? ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ፣ ከሱብሂ ሶላት በኋላ ነው እንጂ። ኢዘዲን ነገ ተነሥቶ ይሄዳል። ደብዳቤ የለኝም ብዬዋለሁ፤ አፉን እንዲይዝም አስምዬዋለሁ።

አብዱልሐሊም


ኩዌት
ታኅሣሥ 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ ለአቶ አብዱልሐሊም

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናዎ እንዴት ነው? የእማዬ ጤና እንዴት ነው? መንገዱ ተከፈተ፣ ጦሩም ከእናንተ አገር ወጣ ሲባል ሰምተን እዚህ ያለን የወሎ ሴቶች ስንላቀስ ዋልን። አልሐምዱሊላህ ይህን ላሳየን።

ኢዘዲን ትናንት ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። መስመሩ ይቆራረጥ ነበር። ሰላምታውን እንኳ ሳላስጨርሰው ነው የጠየቅኩት። «በጉስ ለእማዬ ወጣላት?» አልኩት። እሱም «ሰምተሻል ማለት ነው። ወጥቶላታል እህቴ፤ በሦስተኛው ቀን ወጥቶላታል። ሰዉ ሁሉ በልቶ ጠጥቶ፣ ዱዓ አድርጎላት ነው የተበተነው» አለኝ። ሌላም ሊለኝ ጀምሮ ነበር፤ መስመሩ ሞተ።

በሦስት ቀን ያወጡታል ብዬ አላሰብኩም ነበር አጎቴ። ኡስታዙ «በሦስት ወር ከሠራው እኔ ተማሪው እሆናለሁ» ብለው ነበር፤ ሄጄ ስነግራቸው በሣቅ ሳል ያዛቸው። እኔ ደግሞ ዛሬ ዐርብ ሐልዋ ገዝቼ ለወሎ ሴቶች ሁሉ አደልኩ። ምንድን ነው ሲሉኝ «ለእናቴ በጉ ወጣላት» አልኳቸው። ሳይገባቸው በሉ። ለናጅዋ ብቻ ሚስጥሩን ስለምታውቅ ተቃቅፈን ዘለልን።

እስቲ ሁሉንም ይጻፉልኝ። ውሃው ደጇ ድረስ ነው የሚመጣው ወይስ ከግራሩ ሥር? ድምፁ አይረብሻትም? የመጀመሪያዋን ጣሳ ስትጠጣ ምን አለች? ቃሏን እንዳለ ይጻፉልኝ፣ አንድ ፊደል ሳያጎድሉ። ባለፈው ደብዳቤ ስላልላኩልኝ አኩርፌ ነበር፤ አሁን ትቼዋለሁ፤ ሥራ ላይ ነበሩ ማለት ነው።

የሚፈልጉት ዕቃ ካለ አሁን መላክ ይቻላል።

ዙልፋ


መርሳ
ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ

አሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ጤናሽ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ አልሐምዱሊላህ።

ደብዳቤሽን ኢዘዲን አመጣልኝ። እኔ ጋ ተቀምጦ ነው ያነበብኩት። በስልክ ምን እንደነገረሽ ጠየቅኩት፤ እሱም ነገረኝ። ብዙ አዘነ። እንደ እሱ ብሆን እኔም ያንኑ እመልስ ነበር፤ አንቺ እንደዚያ ከጠየቅሽው ሌላ ምን ሊል ይችላል። የሚለው ሁሉ ልክ ነው። በጉ በሦስተኛው ቀን ወጥቷል፣ ሰዉም ዱዓ አድርጓል።

ውሃውን በተመለከተ፣ አንዳንድ ቀን ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን ይቀራል። ክዳኑ ላይ ያደረግኩት የወፍጮ ጎማ ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይዘጋም፤ በጉ ሦስት ጊዜ መትቶ ይተኛል። ለስለስ ያለ ወፍራም ጎማ፣ መዳፍ የሚያክል ሁለት ቁራጭ ብትልኪልኝ ጥሩ ነው። ኡስታዙንም ጠይቂልኝ፤ የክዳኑን ክብደት ብጨምር ነው ወይስ ብቀንስ የሚሻለው? እነዚያ ጥንታውያን ስንት ጊዜ ሠርተው ስንት ጊዜ አፍርሰዋል? ይህን መጽሐፉ አይጽፍም መሰለኝ። የተሳካውን ብቻ ነው የሚያወራልሽ። እኔ ዘጠኝ ጊዜ አፍርሼዋለሁ። ጠዋት ወጥቼ ሲመሽ ነው የምመለሰው። አለሙ «አሁን ምን ያስቸኩልሃል?» አለኝ። ክዳኑን እንደገና ፈታሁት።

የመጀመሪያዋን ጣሳ ስትጠጣ ምን አለች ላልሽው፣ እናትሽ ምንም አላለችም።

ደኅና ሁኚ። እናትሽ በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ ብላሻለች።

አጎትሽ አብዱልሐሊም


ኩዌት
የካቲት 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለአቶ አብዱልሐሊም

አሰላሙ ዐለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው?

ጎማውን ለአንድ አገር ገቢ ሰጥቻለሁ፤ አራት ቁራጭ ነው። ኡስታዙ ክዳኑን ያክብደው ብለዋል። «እኔም በወጣትነቴ አሥራ አንድ ጊዜ አፍርሻለሁ በይልኝ» ብለዋል።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። «በሰላም ወጥተሽ በሰላም ግቢ» የእማዬ ምርቃት አይደለም። እማዬ ጀሊሉን ሳትጠራ መርቃኝ አታውቅም። ሳትሰድበኝም መርቃኝ አታውቅም። ይህ የእርስዎ ቃል ነው፤ መኪና ሲሸኙ የሚሉት ነው። ደግሞ ዘጠኝ ጊዜ ያፈረሱት በጉ ከወጣላት በኋላ ነው ወይስ በፊት? ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት፤ ሁለቱ አልገጥም አለኝ።

የመርሳ ስልክ ተመልሷል። የናጅዋ እህት ከባለቤቷ እናት ጋር አውርታለች። የእርስዎ ስልክ ግን «ጥሪ አይቀበልም» ይለኛል። በየቀኑ ከሥራ በፊት እደውላለሁ። ታማ ከሆነ ታማለች ይበሉኝ። ሐኪም ቤት ካለችም ይንገሩኝ። ብቻ ስልኩን ይክፈቱና ጆሮዋ ላይ ያድርጉልኝ። ምንም ባታወራ ትንፋሿን እሰማለሁ። ለኢድ ፈቃድ ጠይቄያለሁ፤ ሽማግሌው ፈቅደውልኛል። ለጉልበቷ የሚሆን ማሰሪያና ለስላሳ ጫማ ገዝቼላታለሁ።

ዙልፋ


መርሳ
መጋቢት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለናጅዋ፣ ኩዌት

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ልጄ፣ በዓይን ባላውቅሽም ለዙልፋ እህት እንደሆንሽላት ስለሰማሁ ልጄ እልሻለሁ። ይህን ወረቀት ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

የዙልፋ እናት ቶይባ ጥቅምት 29 ቀን ወደ አኺራ ሄዳለች። እስካሁን ደብቄያታለሁ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔማ ቀልሎ አለቀ። ስልኬን አጥፍቼ እንደ ሌባ እኖራለሁ። አሁን የቀረኝ አንቺ ነሽ።

ረመዷን ሳይገባ መርዶውን አርጂልኝ። የአገራችንን ደንብ ታውቂዋለሽ። አምስት ስድስት ሆናችሁ ዐርብ ከሱብሂ በኋላ ሂዱ። ለሽማግሌው ቀድማችሁ ንገሩ፣ ሥራ እንዳያዟት። ከመናገራችሁ በፊት የሆነ ነገር ቅመሱ በሏት። አንዷ ከኋላዋ ትቀመጥ፤ ዙልፋ ስትደነግጥ ወደ ኋላ ነው የምትወድቅ፣ ከልጅነቷ ጀምሮ እንደዚያ ናት። ሰደቃዋ እንደወጣ፣ ያ ኢዘዲን የነገራት በግ የሰደቃ በግ እንደነበረ ንገሯት። ይህን ከሌላ ሰው እንዳትሰማው።

እናቷ ራሷ ለምን ወንዝ ወረደች ብላ ትጠይቃለች። አህያዋ አንክሳ ስለነበር አብዱልሐሊም ውሃ ሳያወጣላት ቀረ በያት። ይህን ቃል እንዳትለውጪው። ሌላ ነገር አትጨምሪ፣ ለምን እንደሆነም አትጠይቂኝ። ለኢዘዲንም ለአለሙም ያንኑ ቃል አስይዣቸዋለሁ።

ሌላው፣ በጉ ከየካቲት 27 ጀምሮ ሠርቷል። ይህ ወላሂ ውሸት አይደለም። የላከችው ጎማ ነው ያስነሣው። ውሃው ቶይባ ደጅ ድረስ ይመጣል፤ ሠፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ይህን ንገሪያት ወይም ተይው፤ አንቺ እንዳየሽው።

አላህ ይካስሽ። የማይሆን ሸክም ነው የሰጠሁሽ።

አብዱልሐሊም


ኩዌት
መጋቢት 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለአቶ አብዱልሐሊም

ዐርብ ጠዋት በሩን ስከፍት ስድስት የወሎ ሴቶች ቆመው ነበር። ማንም ቀና ብሎ አላየኝም። ናጅዋ ቁርስ በልተሻል ወይ አለችኝ። በዚያን ጊዜ ገባኝ።

ያንን ሐልዋ አስታውሳለሁ። እነሱም አስታውሰውታል። እናቴን አፈር ካለበሷት በኋላ፣ በሰደቃዋ በግ፣ እኔ ሐልዋ አድዬ ዘለልኩ። እርስዎ ይህን ደብዳቤዬን አነበቡት፤ አንብበው ጎማ ላኪልኝ ብለው ጻፉልኝ። «እናትሽ ምንም አላለችም» ብለው ጻፉልኝ። እንዴት እጅዎ ታዘዘልዎ? አምስት ወር ሙሉ በሕይወት ላለች እናት ዱዓ ሳደርግ፣ ለሞተች እናት የሚደረገውን ዱዓ ነፈጉኝ። ለቅሶዬንም ወሰዱብኝ።

መጀመሪያ ወረቀቴን ጠረጠርኩት። በጉን ልሠራ ሲሉ ይሆን እንዴ የተዘናጉት፣ እኔ ይሆን እንዴ ያዘናጋኋቸው ብዬ ሁለት ቀን እህል አልቀመስኩም። ናጅዋን ማይልኝ አልኳት። ምላ አህያዋ አንክሳ ነው አለችኝ። ኢዘዲንንም ደውዬ ጠየቅኩት፣ ያንኑ አለኝ።

አህያ። አንዲት አህያ አንክሳ እናቴ ሞተች። የጎረቤት አህያ አልነበረም? የእርስዎስ ትከሻ? ያንን ሁሉ መሣሪያ በእጅዎ የሠሩ ሰው አንድ ጀሪካን ዳገት ማውጣት አቃተዎት? ወደ ወንዝ እንዳትወርድ አደራ ብዬ ነበር። ልመና እንኳ አልነበረም፣ አደራ ነው ያልኩት።

አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ብለው እንዳይጽፉልኝ። አሁን አልልዎትም፤ ብልዎትም ውሸት ይሆንብኛል። ስለ በጉም አይጻፉልኝ። ኡስታዙን ስለ ፈልሳፊዎች መጠየቅ ትቻለሁ። ለኢድ የምመጣው ለመቃብሯ ነው።

ዙልፋ


መርሳ
ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለዙልፋ

አሰላሙ ዐለይኪ ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሶብሩን ይስጥሽ። እሷን ጀነተል ፊርደውስ ያግባት።

የጻፍሽው ሁሉ ደርሶኛል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምመልሰው አጭር ነው።

አህያዋ አንክሳ ነበር። ሰኮናዋ ውስጥ ገብቶ የነበረውን ድንጋይ ቀድሜ ማየት ነበረብኝ፣ አላየሁትም። የጎረቤት አህያ መለመን ነበረብኝ፣ ኩራት ያዘኝ። በትከሻዬ ላወጣላት ስችል ነገ አወጣለሁ ብዬ ተኛሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ወረቀትሽን አትጠርጥሪው። ወረቀትሽ ምንም አላደረገም፤ እኔ በጉን የጀመርኩት እናትሽ ከሞተች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ብረትም ጎማም አልነካሁም። ይህን እምነትሽ አድርጊው።

አፉ በይኝ አልልሽም። ቂምሽን ያዢ፤ የእኔ ትከሻ ይችለዋል። ብቻ በፆም እንዳታለቅሺ፣ ሰውነትሽ ይጎዳል። ሽማግሌውንም መጠየቅ አትተዪ፤ እሳቸው ምን በደሉ።

መቃብሯ ላይ ድንጋይ ደርድሬያለሁ፤ ስትመጪ አለሙ ያሳይሻል፣ እኔን ማየት ካልፈለግሽ። ቤቷ ተጠርጓል፣ ቁልፉ ጎረቤት ነው። አህያዋን ባለፈው ገበያ ሸጬያታለሁ፤ ለኢድ ስትመጪ አታገኚያትም።

አጎትሽ አብዱልሐሊም